ልጄን ሰልፍ ያስወጡበት ክረምት

ሰኔ 29

ዛሬ ሰይፉ ቤቴ መጣ። ጭቃውን ደጃፌ ላይ ጠርጎ ገባ። ውጭ አገር ያሉትን የእኛን ልጆች ጉዳይ በሚከታተለው ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። ድሮ ቀበሌ ነበር። እንዴት ወፍሯል!

"እማማ ዘርፌ፣ ፍቅርአዲስ እንዴት ናት?" አለኝ። የልጄን ስም ሲጠራ አፉ ውስጥ ቅቤ የያዘ ይመስላል።

"እሷኑ ጠይቃት" አልኩት።

"እርስዎ እንዲጠይቁልን ብዬ ነው እንጂ።"

ልጄ ያለችበት አገር ፓርላማ በእኛ መንግሥት ላይ ውሳኔ ሊያሳልፍ ነው አለ። ብድሩንም እርዳታውንም የሚያስቀር ውሳኔ። ስለዚህ እዚያ ያሉ ልጆቻችን ባንዲራ ይዘው ፓርላማው ደጅ መቆም አለባቸው። የቸሃና የወልቂጤ ልጆች እዚያ ማኅበር አላቸው፤ ጸሐፊዋ የእኔዋ ፍቅርአዲስ ናት። እሷ ከወጣች ሌሎቹ ይወጣሉ፣ እሷ ከቀረች ይቀራሉ።

"እና እኔን ምን አገባኝ?"

"ከወጡት ውስጥ ለመስቀል በእንግድነት የምንጋብዛቸው አሉ። ትኬቱ ከእኛ ነው። የእርስዎን ልጅ አንደኛ አድርጌ ይዣታለሁ" አለ።

ከዚያ በኋላ ያወራውን አልሰማሁትም። አምስት መስቀል ያለ እሷ አልፏል።

ሐምሌ 1

ፊደል የቆጠርኩት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። የጎልማሶች ክፍል ውስጥ፣ ለሕፃናት በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ። ሰው ሁሉ "ጎበዝ" ይለኝ ነበር። ለጉብዝና አይደለም። ልጄ አብርሽ የእህቱን መልእክት ሲያነብልኝ እየዘለለ የሚያነብ ይመስለኝ ስለነበር ነው። እውነቴን ነበር። እሱ ሲያነበው ሁለት መስመር የነበረው እኔ ሳነበው አምስት መስመር ሆኖ ተገኘ። ማንበቤን ስታውቅ ግን እሷም ማሳጠር ጀመረች። "ደህና ነኝ እማ። ሥራ ላይ ነኝ።" ለዚህ ከሆነ ባልማርስ!

ሐምሌ 4

ደወልኩላት።

"አንድ ቀን ቆመሽ ተመለሺ። ለቅሶ እንደ መድረስ ቁጠሪው" አልኳት።

"እማ፣ አልችልም። ወረቀቴ ገና አልተሰጠኝም።"

ወረቀት! አምስት ዓመት ሙሉ ወረቀት። እኔ በስተርጅና ማንበብ ለመማር ሁለት ዓመት በቃኝ፤ እነዚያ የተማሩ ፈረንጆች አንዲት ወረቀት ለመጻፍ አምስት ዓመት ይፈጅባቸዋል? የማይመጣ ሰው ሰበብ አያጣም።

"እኔ እዚህ የተቀመጥኩት የአገሬን መንግሥት እፈራለሁ ብዬ ነው፤ ሰልፍ ብወጣለት ምን ይሉኛል?" አለችኝ። እሷ እዚያ ምን ብላ እንደተቀመጠች እኔ ምን አውቃለሁ። ያለችኝን ነው የጻፍኩት።

ከዚያ ደግሞ፣ "ስሜንም ፎቶዬንም ለማንም አትስጪ። ለሰይፉ ደግሞ ጭራሽ።"

ለሰይፉ የሰጠሁት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። እሱም የተማሪነቷ ነው፤ አሁን እሷን አይመስልም።

ሐምሌ 6

አብርሽ ባጃጁን አቁሞ ለምሳ ገባ። ከወልቂጤ ጉብሬ ሲመላለስ ውሎ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ውጭ አገር ሰው ላላቸው ቤተሰቦች የቤት መሥሪያ ቦታ ሊሰጥ ነው ብሎታል ሰይፉ። "ተሳታፊ" ለሆኑት ብቻ።

"እማ፣ ሼም ነው እኮ። ባንዲራ ይዞ መቆም ማንን ገደለ?"

"ወረቀቴ ይበላሻል ትላለች።"

ሽሮውን ጠቅልሎ ጎረሰ። ከዚያ "ታጋንናለች" አለ። ዓይኔን አላየም።

ሐምሌ 9

ዝናብ። ገበያ ላይ ቆጮዬ ሳይሸጥ ዋለ።

ብርቱካን አጠገቤ ቆማ ነበር። ጎረቤቴ ናት፣ ልብስ ሰፊ፣ ጴንጤ። ልጇ ዳዊት እዚያው ፍቅርአዲስ ያለችበት አገር ነው። ሰይፉ እሷም ዘንድ ሄዷል።

"ምን አልሽው?" አልኳት።

"ልጄን ጌታ ነው የሚመራው፣ አንተ አይደለህም አልኩት።"

"አይ አንቺ! ለቢሮ ሰው እንዲህ ይባላል?"

"ቢሮ ውስጥ አልነበረም፣ ሱቄ ውስጥ ነው። ሱሪውን እየለካሁለት።" ሳቀች። "ሜትሩ ለወገቡ አልደርስ ብሎኝ ክር ቀጠልኩበት።"

አልሳቅሁም። ለመስቀል ልጁ የማይመጣ ሰው መሳቁ ያናድደኛል።

ሐምሌ 11

ዛሬ ሬዲዮው ስለ ውጭ ልጆቻችን ሲያወራ ዋለ። አምባሳደሮቻችን፣ የአገር ዓይን፣ የአገር ልሳን። ካቻምና ይኸው ሬዲዮ ከሃዲዎች፣ የጠላት ተላላኪዎች ሲላቸው ቆጮ እየፋቅሁ ሰምቻለሁ። ሰዎቹ ያው ናቸው። የተቀየረው የሚፈለጉበት ነገር ነው።

ሰይፉንም አልረሳሁትም። ግርግሩ ጊዜ ፍቅርአዲስ ከተማሪዎች ጋር ተይዛ ስትታሰር በር ላይ ስንቅ የሚፈትሸው እሱ ነበር። ቡላውን በእንጨት እየቆፈረ፣ "እዚህ ውስጥ ምን ደብቀሻል?" ይለኝ ነበር። አንቺ እያለ። ስትፈታ ጥርሷ ተሰብሮ ነበር። ወድቄ ነው አለች። ከዚያ ወር ሳይሞላ አገር ጥላ ሄደች።

አሁን እርስዎ ይለኛል። እኔም ወንበር እጠርግለታለሁ። ትኬት የሚቆርጥልኝ ሌላ ሰው የለማ።

ሐምሌ 14

ቸሃ ውዬ መጣሁ። ደክሞኛል፣ ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ሰይፉ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር በመኪና ወሰደኝ። ከተማ ውስጥ አይሆንም አለ፤ እናት በእንሰቷ መካከል፣ በጀፎረው፣ በመንደሩ ሰፊ መንገድ ላይ ቆማ መታየት አለባት። ወንድሜ ኃይሌ ደጅ አቆሙኝ፤ ሣሩ ሰፊ ነው፣ ላሞች ነበሩ። ላሞቹንም አስጠጓቸው አለ። ነጠላዬን አስወልቆ ሌላ አለበሰኝ፣ የእኔ አርጅቷል ብሎ።

የምናገረውን አስጠናኝ። "ልጄ ሆይ፣ አገርሽ ትጠራሻለች።" ሦስቴ አልኩት። ሦስቴም ካሜራ የያዘው ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ።

"እማማ፣ ከልብዎ አልወጣም" አለ ሰይፉ።

ከልቤ! ልቤ ውስጥ ያለውን ልንገርህ አልኩ በሆዴ። በእኛ ቤት መስቀል በሬው የሚታረድ ዕለት የቤቱ ታላቅ የልጆቹን ስም እየጠራ ይመርቃል። ያሉት እንትፍ ይባልላቸዋል። የሌሉትን ስማቸውን ለመራቂው የምታቀብለው እናታቸው ናት። እናቱ ያላስጠራችው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ እንደ ወጣ ይቆጠራል። ባሕር ማዶም ይሁን አዲስ አበባ፣ ይህን የማይፈራ ልጅ አላውቅም። አጎቴ እናቱ ስምህን አላስጠራም ብላው ከሐረር በእግሩ መጥቷል ይባላል።

ካሜራውን አየሁትና እንዲህ አልኩ፦ "ፍቅርአዲስ፣ ዘንድሮ እዚያ ሰልፍ ላይ ካላየሁሽ ለመስቀል ስምሽን አላስጠራም።"

ካሜራ የያዘው ሰውዬ ቀና አለ። ሰይፉ ራሱ ደነገጠ። ከዚያ፣ "ይድገሙልኝ" አለ።

ደገምኩለት።

ኃይሌ ከአጥሩ ጥግ ሰምቷል። ወንድሜ እኮ ቁጡ ሰው አይደለም። "ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ይሄ በቤተሰብ መካከል፣ ጠብ ሲጠና የሚባል ነገር ነው። ለካሜራ የሚባል ነው?" አለኝ።

"እንድትመጣ ብዬ ነው።"

"እንድትመጣ ነው ወይስ እንድትታዘዝ?"

ወደ መኪናው ገባሁ። ማን አማክረኝ አለው? ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሙዚቃ ከፈቱ።

ሐምሌ 17

ወጣ። ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለሁ። አብርሽ "እማ፣ ዝነኛ ሆነሻል" ይላል። ብርቱካን ሱቅ ውስጥ የሚሠሩት ልጃገረዶች ሳልፍ ድምፄን እያስመሰሉ፣ "ስምሽን አላስጠራም!" ተባባሉ። ብርቱካን ዝም አስባለቻቸው። ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

ማታ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ከዚያው አገር የሚደውል ወንድ ነው፣ አማርኛው የእኛ ነው። "ልጅሽ ከወጣች ከባንዳዎች ጋር ትጻፋለች። አገር ነፃ ሲወጣ ትጠየቃለች" አለኝ። ነፃ አውጪም እንዲህ ይሳደባል? ሰይፉ በትኬት ይጎትታታል፣ ይኼኛው በዛቻ። ልጅ የወለድኩት እኔ፣ ሁለቱም ወገን የእኛ ናት ይላሉ።

ዘጋሁበት። ፍቅርአዲስ ስልክ አታነሳም።

ሐምሌ 18

አታነሳም።

ሐምሌ 21

ጻፈች። "እወጣለሁ። ስሜን አስጠሪ።"

ይኸው ነው። እማ የሚል የለበትም።

አሸነፍኩ ብዬ አብርሽን ጠራሁት። አነበበና ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

ሐምሌ 25

ፎቶው መጣ። ከፊት ናት። ባንዲራውን በሁለት እጇ ከአገጯ ሥር ይዛዋለች። ከስታለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ብርድ የለም ይሉኝ ነበር እዚያ በዚህ ወር፤ ታዲያ ለምን የበረዳት ትመስላለች?

የሰይፉ ቢሮ በገጹ ለጠፈው። ራሴ አነበብኩት፣ ቃል በቃል። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም፣ የትውልድ ቦታዋ። ከዚያ፦ "ቀድሞ በተሳሳተ መንገድ የነበረች፣ ዛሬ ከመንግሥቷ ጎን የቆመች።" በአጠገቡ የእኔ ፎቶ፣ በሰው ነጠላ። ከሥር ደግሞ ያ የተማሪነቷ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የአያቷን ስም ማን ነገራቸው? አብርሽ ይሆናል። ለቦታው ፎርም ሲሞላ።

ነሐሴ 3

ፓርላማው ውሳኔውን አቆየው። ሰይፉ እያላበው መጣ። "ድል ነው እማማ! የእናት ድምፅ ከመድፍ ይበልጣል!" ጃንጥላና ካኒቴራ ሰጠኝ። ካኒቴራው ላይ "ዲያስፖራችን ኩራታችን" ይላል። እኔ ካኒቴራ ለብሼ የት ልሄድ ነው? ቆጮ መጠቅለያ አደረግሁት።

"ትኬቱስ?" አልኩት።

"በሂደት ላይ ነው።"

የብርቱካን ሱቅ ታሽጓል። የፈቃድ ጉድለት አለብሽ ብለዋት። በረንዳዋ ላይ መኪናዋን አውጥታ ትሰፋለች፣ ዝናቡ እየረጨባት። እኔ ምን አደረግሁ? እኔ አላሸግሁትም። "ጌታ ይመራዋል" ያለችው እሷ ናት፤ ይምራዋ።

ጃንጥላውን ልሰጣት ወጥቼ ነበር። አየችውና፣ "የልጅሽን ዋጋ ለእኔ ነው የምትዘረጊልኝ?" አለች። ሁለት ሴቶች ቆመው ሰሙ።

ነሐሴ 12

ፍቅርአዲስ በቀን ደወለች። በቀን ደውላ አታውቅም።

የዚያ አገር ሰዎች ጉዳይዋን የሚያዩበት የመጨረሻው ቀጠሮ ዛሬ ነበር። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡላት። የእኔንም ቪዲዮ በአስተርጓሚ አሰሟት። "መንግሥቴን እፈራለሁ ብለሽ ነው አምስት ዓመት እዚህ የተቀመጥሽው። ይኸው ባንዲራውን ይዘሽ ትስቂያለሽ" አሏት።

"አልሳቅሁም እማ። ጥርሴን ያያችሁት የጎደለው እንዳይታይ ከንፈሬን ስነክስ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም።"

"እናቴ ናት ያስወጣችኝ አትያቸውም?"

"ብያለሁ። እናትሽ ለመንግሥት የምትናገር ከሆነ ቤተሰብሽ የመንግሥት ወዳጅ ነው፣ ታዲያ ምን ያስፈራሻል አሉኝ።"

እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው! በእኛ አገር ሰው ለማይወደውም ለቅሶ ይደርሳል። ፊቱን አሳይቶ ይመለሳል። ልቡን ማን ይጠይቀዋል? እዚያ የቆመ ሁሉ የቆመለትን የሚወድ ይመስላቸዋል። ይህን ነገርኳት። "እዚህ መጥተሽ አስረጂያቸዋ" አለችና ዘጋች።

ነሐሴ 13

አልተኛሁም። አብርሽን ጠየቅሁት።

"ወረቀቷ በዚህ እንደሚበላሽ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺም ታውቂያለሽ እማ። ነግራሻለች።"

አላውቅም ነበር። ሰበብ መስሎኝ ነው። አላውቅም ነበር።

ነሐሴ 20

ጉልበቴ አመመኝ። ገበያ አልወጣሁም። አብርሽ የሰጡት ቦታ መንገድ ዳር ነው፣ አፈሩ ጥሩ ነው ይላል። ስለ አፈር አትንገረኝ አልኩት።

ጳጉሜን 2

ሰይፉ ቢሮ ሄድኩ። እስከ ምሳ አስጠበቁኝ። ሰኔ ላይ ቤቴ ድረስ ነበር የሚመጣው።

"አንተ ጻፍላቸው። ተገድዳ ነው የወጣችው በላቸው" አልኩት።

"እኛ አስገደድናት ብለን እንጻፍ?" ሳቀ። በሳቁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያ ነው የከፋኝ። "እማማ፣ ደግሞ አሁን ከእነሱ ጋር ታርቀናል። ውሳኔውን ትተውልናል። እኛ በበኩላችን ወረቀት የሌላቸውን ልጆቻችንን ልንቀበል ተስማምተናል።"

"ልትቀበሉ?"

"ወደ አገራቸው ሊመለሱ። አገራቸው አይደል?"

ትንሽ ቆሜ አሰብኩት። በመጀመሪያ ውሳኔው እንዲቀር ልጆቹን ደጅ አስቆሟቸው። ውሳኔው ሲቀር ደግሞ እነዚያኑ የቆሙትን ልጆች መልሰው የዕርቁ መክፈያ አደረጓቸው። ፈረንጁም ያው ነው፤ ስደተኛ ሲቀበል የእኛን መንግሥት ይሰድባል፣ ስደተኛ ማስወጣት ሲያምረው ይታረቀዋል። ይህን ለመረዳት ማንበብ እንኳ አያስፈልግም ነበር።

"ግርግሩ ጊዜ ታስራ የነበረችውን ታስታውሳለህ?" አልኩት።

"ብዙ ሰው ታስሯል እማማ።"

"ስንቋን የፈተሽከው አንተ ነህ።"

እስክሪብቶውን ከፈተና ዘጋ። "ያ ያኔ ነው። አሁን ማን ይነካታል? ብቻ እርስዎም አፍዎን ይጠብቁ፣ የልጅቷን ነገር አያክብዱ" አለኝ።

አያክብዱ።

መስከረም 16

የመስቀሉ እርድ አለፈ። የደንጌሳት ማታ፣ በእርዱ ዋዜማ፣ ሴቶቹ ጎመን ክትፎውን ሲያቀርቡ በላሁ፣ ጣዕሙን አላውቀውም። ትናንት በሬው ታረደ። ኃይሌ ስም እንዳስጠራ ወደ እኔ ዞረ፣ ሰው ሁሉ አየኝ። ቪዲዮውን ያላየ የለም። "ፍቅርአዲስ" አልኩ። ኃይሌ ጠራት፣ መረቀ። ቃል ኪዳኔን ጠበቅሁ፤ ከሁላቸው ቃሉን የጠበቀ እኔ ብቻ ነኝ።

ሰይፉ ከሁለት እንግዶች ጋር መጥቶ ነበር። ክትፎ በላ፣ ደገመ። ኃይሌ "አሁንስ ማንን ልታስወጣ ነው የመጣኸው?" አለው በሰው ፊት። ሰይፉ እየሳቀ፣ "ጋሼ ኃይሌ ቀልደኛ ናቸው" አለ። ማንም አልሳቀም።

ትኬት የመጣለት ልጅ አንድም የለም።

መስከረም 28

ፈረዱባት። የሚቆልፉበት ቤት አስገብተዋታል። ይግባኝ የለም።

የዚያ አገር ፖሊስ ስልኳን ወስዶ ሌላ፣ ካሜራ የሌለው ሰጥቷታል። በሳምንት ትደውላለች።

ጥቅምት 4

ብርቱካን በሬ ላይ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረችኝም ነበር። አልገባም አለች፣ ቆማ ተናገረች።

"አይዞሽ ልልሽ አልመጣሁም።"

"ማን አይዞሽ በይኝ አለሽ?"

"ዳዊት የነገረኝን ልነግርሽ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ መልሰዋል፤ የቡታጅራ ልጅ። አዲስ አበባ ሲያርፍ ሁለት ሰዎች ጥያቄ አለን ብለው በጎን በር ይዘውት ወጡ። እናቱ በፊት ለፊቱ በር ስትጠብቅ ዋለች። እስካሁን የት እንዳለ አታውቅም።"

"የመንግሥት እንግዳ ተቀባይ ነበረው?"

"አልነበረውም። በድብቅ ነው የመለሱት። ማንም አላየም።" ለመሄድ ዞራ ተመለሰች። "አንቺን እጠላሻለሁ ዘርፌ። ልጅቷን ግን አልጠላትም።"

ጥሩ። እኔም አልወዳትም። ግን እሷ ናት የነገረችኝ፤ አብርሽ አይደለም፣ ሰይፉ አይደለም።

ጥቅምት 9

የቡታጅራው ልጅ እናት። ስሟን አላውቅም። ስንት ሰዓት ቆመች?

ጥቅምት 12

ሰይፉ መጣ። ፍቅርአዲስ ከነገ ወዲያ ትገባለች አለ። ዓይኑ ያበራል።

"አቀባበል አዘጋጅተናል። አበባ። እርስዎ ከፊት። ከአንዳንድ ሚዲያም ይመጣሉ። ‘አገሯን መርጣ በፈቃዷ የተመለሰች’ ብለን ነው የምንሠራው። እዚያ ያሉት ሲያዩ እነሱም ይከተላሉ።"

"በፈቃዷ?"

"እማማ፣ ታዲያ ተባርራ መጣች እንበል? ለእሷም ክብር አይሆንም።"

"በየትኛው በር ነው የምትወጣው?"

አልገባውም። "በመደበኛው። ካሜራው ፊት ለፊት ነዋ።"

"አስቤ ልንገርህ" አልኩት። አስቤ ልንገርህ ብዬው አላውቅም ነበር። ትንሽ ደነገጠ።

ጥቅምት 13

ደወለች። ድምፅዋ ሩቅ ነው።

"አዶት" አለችኝ። በቤት ቋንቋ እናት ብላ ከጠራችኝ ስንት ጊዜዋ። ልጅ ሆና ስትፈራ ነበር የምትለኝ።

"አዶት፣ ከእነሱ ጋር አትምጪ። ሰምቻለሁ፣ አበባ ሊያሲዙሽ ነው። ካየሁሽ አብሬሽ አልቆምም። ሁለተኛ የእነሱ ፎቶ ላይ አልቆምም።"

"እሺ ማን ይቀበልሽ?"

"ማንም።"

"የቡታጅራውን ልጅ ሰምተሻል?"

ዝም አለች። ሰምታለች።

"አትምጪ" አለች ደግሞ። "ከመጣሽ እስክሞት አላናግርሽም። በእግዚአብሔር ስም ነው የምልሽ።"

መስመሩ ተቆረጠ። እሺም እምቢም አላልኳትም።

ጥቅምት 13፣ ማታ

አብርሽን ሁለቴ አነጋገርኩት፣ መጨረሻ ላይ አለቀሰ። ይልቀስ። ባጃጁን ይሽጥና ለጠበቃ ያዘጋጅ ብዬዋለሁ፣ ቦታውንም ይመልስ። እንደሚመልስ አላምነውም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ከእነሱ ጋር ካልሄድኩ ልጄ ደስ ይላታል። በኩራት ብቻዋን ትወርዳለች። አበባ የያዘ አይኖርም፣ ካሜራ አይኖርም፣ ሰይፉም ጥቅም ስለማያገኝባት ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ያኔ የጎን በሩ ይከፈታል። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ እጠብቃለሁ፣ እንደዚያች ሴት።

ከሄድኩ ግን አገር ሁሉ ያያታል። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ በር፣ ይህን ለብሳ፣ በእናቷ እጅ ገባች ተብሎ ይታያል። በነጋታው "የት ናት?" ብዬ ብጮህ "አልመጣችም" አይሉኝም። በፈቃዷ መጣች ብለው ራሳቸው የለጠፏትን በማግስቱ እንዴት ያስራሉ? ሊያስሩም ይችላሉ። ግን ያፍራሉ፤ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ያፍራሉ። ያች ጥቂት ጊዜ ትበቃኛለች።

ለሰይፉ ደወልኩ። እመጣለሁ አልኩት። አንድ ነገር ብቻ፤ ከበሩ እስከ ወልቂጤ በአንድ መኪና ነው፣ እኔና እሷ፣ ካሜራውም ከእኛ ጋር፣ ቤቴ ደጃፍ እስክትገባ ድረስ ይቅረጽ።

"በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው እማማ! ቤት ድረስ!" አለ። ስለ ቀረጻው ያሰብኩለት መሰለው።

የሚያስጠኑኝን ሁሉ እላለሁ። መንግሥቴ ይክበር በይ ይሉኛል፤ ይክበር እላለሁ። አገሯን መርጣ መጣች በይ ይሉኛል፤ እላለሁ። እሷ ታየኛለች። አበባውን ትጥለው ይሆናል። በካሜራ ፊት ትተፋብኝም ይሆናል፤ ትትፋ፣ እሱንም ይቅረጹት።

እስክሞት አላናግርሽም ብላለች። ልጄ የተናገረችውን ታደርጋለች፣ አውቃታለሁ። አታናግረኝ። እዚሁ ክፍል ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛ፣ ሳህኑን ገፍታ ትመልስልኝ፣ በሩን እየደበደበች ትውጣ ትግባ። ስትገባ እሰማታለሁ።

መኪናው ሲነጋ ይመጣል። አልጋዋን አንጥፌያለሁ።